ማኒፎልዱ ቢሰፋ ጣርማበር ይቀላል?

ደብረ ብርሃን ጋራዥ ደጃፍ ላይ ትንሽ የቆመ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይሄድም። «ጋሼ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ደህና ናት። ጣርማበር ዳገት ላይ ግን ትሞትብኛለች። ማኒፎልዷን ሰፋ አድርገን ብንሠራት ጉልበት አታገኝም?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ወጣት ሾፌር ነው። ውጭ አገር ማኒፎልድ ቀይረው መኪና ሲያስፈተልኩ ስልኩ ላይ አይቷል። የሚያገኘው መልስም እንደ መካኒኩ ነው። አንዱ «እንሞክረው» ይለዋል። ሌላው «ተው ልጄ፣ ገንዘብህን አታቃጥል» ይለዋል። ለምን እንደሆነ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳው ግን ጥቂት ነው።

እኔ የማምነውን አስቀድሜ ልናገር። የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድን፣ ማለትም አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያካፍለውን ቱቦ፣ ማሻሻል የሞተርን ጉልበት ይለውጣል፤ ይህ እውነት ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ መኪናችን የሚጎድለውን ጉልበት ግን በአብዛኛው የወሰደው ከፍታው ነው። ይህን ሳይለይ ብረት ያስቆረጠ ሰው ወጪውን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ ከከፍታው እንነሳ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ያልፍና በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,280 ሜትር ገደማ ነው። ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሽንኩርት ወይም ማሾ ጭኖ ከቆላው የተነሳ መኪና በዚህች አጭር መንገድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ወደ ሰማይ ይወጣል።

የአየር ግፊት በባሕር ወለል 100 ነው ብንል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 86 ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 71 ገደማ ይሆናል። ጣርማበር ላይ ከ70 በታች ይወርዳል። ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ፋብሪካ ጉልበትን የሚናገረው በባሕር ወለል ግፊት ሒሳብ ነው። ስለዚህ 90 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 65 ገደማ ይዞ ነው የሚሠራው። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ማለት ነው።

በኪሎ ብናየው ይበልጥ ይገባል። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ይህን ያህል አየር በባሕር ወለል 12 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። ደብረ ብርሃን ላይ 17 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። የሲሊንደሩ ስፋት ግን የትም ቢሄድ ያው ነው። በአንድ ጉርሻ የሚገባው አየር ቀለለ ማለት የሚቃጠለው ቤንዚንም ቀነሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማኒፎልዱ። ኮፈኑን ስትከፍቱ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጎን የተለጠፈ፣ ጣት ጣት ያለው የአልሙኒየም ወይም የፕላስቲክ አካል ታያላችሁ። በካርቡሬተር ለሚሠራ መኪና ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላዩ ላይ ተቀምጧል። ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቱቦ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። አራቱ ቱቦዎች ከአንድ የጋራ ክፍል ይነሳሉ። ሥራው አየሩን ለአራቱም እኩል ማካፈል ነው።

ሞተር አየር ይስባል እንላለን። በእርግጥ የሚሆነው ግን ይህ ነው። ፒስተኑ ይወርዳል፤ ከላዩ ባዶ ቦታ ይከፈታል፤ የውጭው አየር በራሱ ግፊት ተገፍቶ ይገባል። የሚገፋው ከላያችን ያለው ሰማይ ነው። ቤንዚን ስንረግጥም የምንከፍተው የአየሩን በር ነው፤ ነዳጁ በገባው አየር መጠን ይከተላል። የዳገቱን ነገር ለመረዳት ይህችን መያዝ ይበቃል። በሩን ሙሉ በሙሉ ከፍተን፣ ማኒፎልዱም እንደ በር ሰፍቶ ቢሠራ፣ የሚገፋው አየር ራሱ 71 ከሆነ ከ71 በላይ የሚገፋ የለም።

«የለም» ስል አንድ ነገር ለይቼ ማስቀመጥ አለብኝ። ምክንያቱም የማኒፎልድ ጥበብ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

1,300 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር፣ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ፣ በደቂቃ ወደ 2,000 ሊትር አየር ያስገባል። ይህ አየር ያለማቋረጥ አይፈስም። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 25 ጊዜ ይሮጣል፤ 25 ጊዜ ደግሞ ይቆማል። አየር ክብደት አለው። እየሮጠ ሳለ የሲሊንደሩ በር የሆነው ቫልቭ ሲዘጋበት ከኋላ ያለው ከፊቱ ባለው ላይ ይከመራል። ቫልቩ ጀርባ ላይ ለቅጽበት ግፊት ይፈጠራል። ያ ግፊት ሞገድ ሆኖ በቱቦው ውስጥ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የጋራው ክፍል ጋ ደርሶ ደግሞ ይመለሳል። ጣርማበር አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ቆላው የጮኸ ሰው ድምፁ እንደሚመለስለት ነው። ገደል ማሚቶ ነው። ሞገዱ የሚሄደውም በድምፅ ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ።

ቱቦው 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሞገዱ ደርሶ ለመመለስ ከ2 ሚሊሰከንድ ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይፈጅበታል። በ3,000 ዙር ቫልቩ ተዘግቶ የሚቆየው ግን ከ25 ሚሊሰከንድ በላይ ነው። ስለዚህ ሞገዱ እየደከመ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ቫልቩ በሚከፈትባት ቅጽበት የግፊቱ ጫፍ በሩ ላይ ከደረሰ፣ አየሩ ከተለመደው በላይ ታጭቆ ይገባል። የግፊቱ ዝቅታ ከደረሰ ደግሞ ከተለመደው ያነሰ ይገባል። የቱቦው ርዝመት የሚወስነው ይህንን ነው። ረጅም ቱቦ ሞገዱን ስለሚያዘገየው በዝቅተኛ ዙር ይስማማል። አጭር ቱቦ በከፍተኛ ዙር ይስማማል። ስፋቱም እንዲሁ ነው። ጠበብ ያለ ቱቦ አየሩን በዝቅተኛ ዙር እንኳ ያስሮጠዋል። ሰፊው ብዙ አየር የሚጠይቅ ሩጫ ላይ ያግዛል፤ ዝግ ሲባል ግን አየሩ ውስጡ ይተኛል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ክራይስለር በ1960 እ.ኤ.አ. 300ኤፍ የተባለው መኪናው ላይ 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ቱቦዎች ገጥሞ ነበር። ከርዝመታቸው የተነሳ ሞተሩን ተሻግረው ካርቡሬተሮቹ በማዶው በኩል ነበር የተቀመጡት። ያን ሁሉ ብረት የተሸከመው በመካከለኛ ዙር ላይ ጉልበት ለማግኘት ነው። ቶዮታ ደግሞ በ1980ዎቹ 4ኤ-ጂኢ በተባለው ሞተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት መግቢያ ሠራ። በዝቅተኛ ዙር አንዱ ይዘጋል፤ ከ4,000 ዙር በላይ ሁለቱም ይከፈታሉ። ዛሬ ብዙ መኪኖች የቱቦአቸውን ርዝመት ወይም ስፋት እየቀያየሩ ይሠራሉ። መሐንዲሶቹ ይህን ሁሉ የደከሙት አንድ ቋሚ ቱቦ ለሁሉም ዙር ሊስማማ ስለማይችል ነው። አንዱ ጋ ስትጨምር ሌላው ጋ ትቀንሳለህ።

ይህን ይዘን ወደ ጣርማበር እንመለስ። ጭነት ይዞ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣ መኪና ሞተሩ በአብዛኛው ከ2,000 እስከ 3,500 ዙር ላይ ነው የሚሠራው። ለዚያ የሚስማማው ረዘም፣ ጠበብ ያለ ቱቦ ነው። ፋብሪካው ለቤተሰብ መኪና የገጠመው በአብዛኛው ይኸው ነው። በስልክ የሚታየው አጭርና ሰፊ የውድድር ማኒፎልድ ግን ጥቅሙን የሚሰጠው በ6,000 ዙር አካባቢ ነው። ያንን ገጥሞ ደብረ ሲናን የሚወጣ ሰው ዳገቱ መካከል ላይ የባሰ ይደክመዋል። ማርሽ ቢቀንስ ሞተሩ ይጮኻል፤ ባይቀንስ ይቆማል። ገንዘብ ከፍሎ ጉልበቱን ከሚፈልገው ቦታ ወደማይደርስበት ቦታ አዛወረው ማለት ነው።

አንድ ጥሩ ወሬ አለ። የገደል ማሚቶው ስሌት በከፍታ አይበላሽም። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀት ነው፤ የአየሩ መሳሳት አይነካውም። ስለዚህ ጃፓን ተለክቶ የተሠራ ማኒፎልድ ደብረ ብርሃን ላይም ልኩ ልክ ነው። ከፍታ ስለሆነ ልዩ ማኒፎልድ ያስፈልጋል የሚላችሁ ሰው ካለ አትቀበሉት።

እንግዲህ ማኒፎልዱ ላይ የሚሠራ ሥራ የለም ማለት ነው? አለ። እንዲያውም ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ርካሽና የሚክስ ሥራ ነው።

ማኒፎልዱን አውልቃችሁ አፉን ወደ ብርሃን አዙሩት። ከቴስታታው ጋር የሚገጥምበት ጠርዝ ላይ ጣታችሁን ወደ ውስጥ አስገቡና ዙሪያውን ዳስሱ። ከዚያ ጋርኒሲዮኑን፣ በሁለቱ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ፣ በላዩ አስቀምጡ። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ቀዳዳዎች፣ ማለትም የማኒፎልዱ፣ የጋርኒሲዮኑና የቴስታታው፣ አንድ ላይ አይገጥሙም። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ይሸሻል። በተለይ ልኩ በትክክል ያልሆነ ጋርኒሲዮን ከተገጠመ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቶ ምላስ ይሠራል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ዲያሜትሩ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ላይ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ቢገባ፣ መተላለፊያው ወደ 28 ይወርዳል። በስፋት ሲሰላ 13 በመቶ ተዘጋ ማለት ነው። አየሩ እዚያ ምላስ ላይ ሲጋጭ ደግሞ ይተራመሳል።

መፍትሔው ማስተካከል ነው። ትክክለኛውን ጋርኒሲዮን ቴስታታው ላይ አስቀምጦ ልኩን መያዝ፤ ያንኑ ልክ ማኒፎልዱ ላይ በሹል ነገር መጫር፤ ከዚያ የተረፈውን በትንሽ ሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ መብላት። ወደ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር እያሳሱ ገብቶ ከድሮው ግድግዳ ጋር ማስማማት ይበቃል። ደንቡ አንድ ነው፦ የማኒፎልዱ ቀዳዳ ከቴስታታው ቀዳዳ መብለጥ የለበትም። ትንሽ ጠበብ ቢል ይሻላል። ማኒፎልዱ ብቻ ከሰፋ አየሩ እየሮጠ መጥቶ የቴስታታው ጠርዝ ላይ እንደ ግድግዳ ይላተማል። «አስፍተን እንሥራት» የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሥራ ስንት ይሰጣል? ቀና እንሁን። ደህና ሆኖ በተሠራ ሞተር ላይ ጥቂት በመቶ ነው። 65 የፈረስ ጉልበት ላይ ሁለት ሦስት ፈረስ ማለት ነው። ዳገት ላይ ይሰማል፤ ግን መኪናውን ሌላ መኪና አያደርገውም።

ግራይንደር ይዞ የሚነሳውን ሰው ግን ፍሩት። በአንዳንድ ማኒፎልድ ግድግዳ ውስጥ የራዲያተር ውሃ ያልፋል። አንድ ቦታ ላይ ቢሳሳ ወይም ቢበሳ ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። የአልሙኒየም ብናኝም ሌላ ጣጣ ነው። ማኒፎልዱ ሞተሩ ላይ እንዳለ መሞረድ ጨርሶ አይታሰብም። ወልቆ ከተሠራ በኋላም በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ በአየር ተነፍቶ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መድገም ነው። የቀረች ብናኝ በመጀመሪያው ማስነሻ ሲሊንደሩን ትጭረዋለች። ከዚያ ወጪው የማኒፎልድ መሆኑ ይቀርና የሙሉ ሞተር ይሆናል።

መስታወት እስኪመስል ማለስለስም ልማድ ሆኗል። ለዓይን ያምራል። ካርቡሬተር ላለው መኪና ግን አይመከርም። ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር በጠብታ መልክ ነው የሚሄደው። ጠብታው በጣም የለሰለሰ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ እንደ ውሃ ይንጠባጠባል፤ በደንብ ሳይቃጠል ይገባል። መጠነኛ ሻካራነት ጠብታውን ይበትነዋል። ስለዚህ መካከለኛ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ማቆም ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መታየት ያለበት ማኒፎልዱ አየር አለመስረቁ ነው። በእኔ እምነት እዚህ አገር «ማኒፎልድ ይቀየር» ከሚባሉት መኪኖች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ጥብቅ ጋርኒሲዮን ነው። የደረቀ ጋርኒሲዮን፣ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ ከፍሬን ሰርቮ የሚመጣ የላላ መስመር፣ የላላ ብሎን፤ ሁሉም ካርቡሬተሩ ያላወቀውን አየር ያስገባሉ። ምልክቱ አይጠፋም። መኪናው በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል ወይም ዙሩ ያለልክ ይወጣል፤ ፊሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሞተሩ እየሠራ በሳሙና ውሃ መገጣጠሚያውን ርጩት። ሲያፈስ ቀዳዳው ውሃውን ይጠጣል፤ የሞተሩም ድምፅ ይለወጣል። ቤንዚን እየረጩ የሚፈልጉም አሉ። የጭስ ማኒፎልዱ ከጎኑ እንደ እሳት የጋለ ነው፤ አይደረግም።

የማኒፎልዱ ፊት ተጣሞ ከሆነ አዲስ ጋርኒሲዮን ብቻውን አይዘጋውም። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት አስደግፎ በሥሩ ብርሃን የሚያልፍ መሆኑን ማየት ነው። ካለፈ ሬቲፊካ ቤት ወስዶ ማስላጥ ያስፈልጋል። ብሎኖቹን ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በሁለት በሦስት ዙር እያጠበቁ መሄድ ነው፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መዝለል ያጣምመዋል።

እዚህ ላይ ለመካኒኮቻችን አንድ ነገር ላሳስብ። ማኒፎልድ ውስጥ ያለውን የመሳብ ኃይል የሚለካ ሰዓት፣ ቫኪዩም ጌጅ የሚባለው፣ ትልቅ ረዳት ነው። መጽሐፉ ግን ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላል። ያ የባሕር ወለል ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ኢንች ገደማ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ከ8 እስከ 12 ያህል ሆኖ መርፌው ጸጥ ብሎ ከቆመ ሞተሩ ደህና ነው። ይህን ያላሰላ ሰው ጤነኛውን ሞተር «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ብሎ ያስፈታዋል። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የመርፌውን ጠባይ እዩ። በየጊዜው ወደ ታች ዝቅ እያለች የምትመለስ መርፌ የአንድ ቫልቭ ችግር ልትሆን ትችላለች። ዝቅ ብላ ጸጥ ያለች ደግሞ አየር ስርቆትን ወይም የታይሚንግን (ነዳጁ የሚለኮስበትን ጊዜ) ወደ ኋላ መቅረት ትጠቁማለች።

ቀጥሎ ካርቡሬተሩ። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ብትፈቱ ጥላሸት ለብሶ ታገኙታላችሁ። ጭሱ ይጠቁራል። ነዳጅ ይበላል፤ ጉልበትም የለም። ብዙ ሰው ይህንን ነው «ማኒፎልዷ ጠባብ ናት» ብሎ የሚተረጉመው። ነዳጅ የምትለካዋን ትንሿን ባለ ቀዳዳ ብሎን በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ወደ ጠባብ መቀየር ከማንኛውም የማኒፎልድ ሥራ በላይ ይሰማል። ታይሚንጉንም ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ይረዳል፤ አየሩ ሲሳሳ ቃጠሎው ስለሚዘገይ ቀደም ብሎ መለኮስ አለበት።

ግን መኪናው የት የት ይሄዳል የሚለው መጠየቅ አለበት። ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ ሸኖ፣ አንኮበር ሲመላለስ የሚውል ከሆነ ለደጋው ማስተካከል ትክክል ነው። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ የሚወርድ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለ2,840 ሜትር የጠበበ ነዳጅ ቆላው ላይ ያንሳል። ታይሚንጉም ቀድሞ ስለሚሆን ሞተሩ ቀጨጭ፣ ቀጨጭ ይላል፤ ይግላል፤ ሲቆይ ቫልቭ ያቃጥላል። ለእንዲህ ያለው መኪና የመካከሉን ይዞ፣ ደጋው ላይ ጥቂት ቤንዚን እንደሚያበዛ አምኖ መንዳት ይሻላል። ሞተር ያለጉልበት ቢወጣ ይደርሳል። ቫልቭ የተቃጠለበት ግን አይደርስም።

በኢንጀክሽን የሚሠሩት፣ እንደ ቪትዝና ኋላ እንደመጡት ኮሮላዎች፣ የአየሩን ግፊት ወይም መጠን በሴንሰር ለክተው ነዳጁን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ለእነሱ ይህ ራስ ምታት የለም። በሌላ በኩል ኮምፒውተራቸው የሚያውቀው ፋብሪካው የገጠመውን ማኒፎልድ ነው። ሌላ ስትገጥሙለት በቀስታ ሲነዳ በጭስ ሴንሰሩ እየታገዘ ይስማማ ይሆናል። ቤንዚኑ እስከ ጥግ ሲረገጥ ግን በብዛት በሴንሰሩ አይመራም፤ በድሮው ሠንጠረዥ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን እንደገና የሚያስተካክል ባለሙያ ሳይኖር የኢንጀክሽን መኪና ማኒፎልድ አትንኩ።

ስለ ሙቀት ትንሽ ልበል። የሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ይግላል። አየር በየ10 ዲግሪው ሲሞቅ ክብደቱ 3 በመቶ ገደማ ይቀላል። ከራዲያተሩ ኋላ የጋለ አየር የሚስብ መኪና በነጻ የሚገኝ ጉልበት ይጥላል። ደብረ ብርሃን ብርድ ያላነሰው አገር ነው። የአየር መሳቢያውን አፍ ከፊት፣ ቀዝቃዛው አየር ከሚመጣበት ማድረግ ትንሽ ቱቦ ብቻ ይፈልጋል። ከማኒፎልድ ማስፋት የተሻለ ትርፍ አለው እላለሁ።

ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውርጭ ጠዋት ነገሩ ይገለበጣል። ቀዝቃዛ ማኒፎልድ ውስጥ ቤንዚን አይተንም፤ ግድግዳው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው በብዙ አሮጌ መኪኖች ከጭስ ማኒፎልዱ ላይ ሙቅ አየር ወደ ማጣሪያው የሚወስድ ቱቦ ያለው። አንዳንድ ጋራዥ «ምንም አይሠራ» ብሎ ይጥለዋል። አትጣሉት። በጠዋት የሚነሳበትና ሳይንቀጠቀጥ የሚሄድበት በእሱ ነው።

የአየር ማጣሪያውን ጥሎ መንዳትስ? ዳገት ላይ ይቀላል እየተባለ የሚደረግ ነው። ንጹሕ ማጣሪያ የሚይዘው ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመንዝን የጠጠር መንገድ አቧራ ያለማጣሪያ የጠጣ ሞተር ግን ፋሻውና ሲሊንደሩ በአጭር ጊዜ ይበላል። ማጣሪያው ከቆሸሸ በአዲስ ይቀየር። ሌላ ምክር የለኝም።

ናፍጣ ላይ ታሪኩ ይለያል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር፣ ለምሳሌ በድሮዎቹ ሚኒባሶች ላይ ያለው፣ ከፍታ ላይ የሚጎዳው እንደ ቤንዚኑ ነው። አየሩ ሲያንስ ናፍጣው ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። እዚያ ላይ ፓምፑን ከፍቶ ናፍጣ መጨመር ጭስና ሙቀት እንጂ ጉልበት አያመጣም። አዲሶቹ ናፍጣዎች ደግሞ የጭሱን ጥቂት መልሰው ወደ ማኒፎልዱ ያስገባሉ። ያ ጥላሸት ከዘይት ትነት ጋር ተጋግሮ ቀዳዳውን ያጠበዋል። ሲያወልቁት ግድግዳው ላይ ወፍራም ጥቁር ቅባት ተጋግሮ ይገኛል። ይህን ፍቆ፣ አጥቦ መመለስ ማሻሻያ አይባልም፤ ግን መኪናው የጠፋበትን ጉልበት በእርግጥ ያገኛል።

ከፍታን በቀጥታ የሚመልሰው ቱርቦ ነው። ከሰማይ ያጣውን ግፊት ራሱ ይሠራዋል። ቱርቦ ያለው አይሱዙ ሽንኩርት ጭኖ ከደብረ ሲና ሲወጣ ባለ ቱርቦ ያልሆነውን ጥሎት የሚሄደው ለዚህ ነው። ሆኖም ቱርቦው ያንን ግፊት ለመሥራት ጣርማበር ላይ ከቆላው በላይ በፍጥነት መዞር አለበት። ለዚህ «ትንሽ እንጨምርለት» ብሎ የግፊት መቆጣጠሪያውን ማጥበቅ እዚህ አገር ከሌላው ይልቅ አደገኛ ነው። በባሕር ወለል የሚችለውን ፍጥነት እዚህ ያልፈዋል። ቱርቦ ላለው መኪና የማኒፎልድ ሥራው በቱርቦውና በሞተሩ መካከል ያሉትን የጎማ ቱቦዎችና ክላምፖች መፈተሽ ነው። አንዲት ስንጥቅ የተጨመቀውን አየር ታፈሳለች፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ሾፌሩም ናፍጣው ተበላሸ ይላል። ሞተሩን አስነስቶ፣ ሌላ ሰው እየረገጠ፣ በቱቦዎቹ መገጣጠሚያ ዙሪያ እጅን ትንሽ ራቅ አድርጎ መያዝ ነው። አየሩ እጅ ላይ ይነፍሳል።